የአራት ሰዓት ስህተት

ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍኩት ኮድ አንዲት እናትን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ደንበኞቹን ከቀጠሯቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በስልክ መልእክት የሚያስታውስ ሲስተም አሠራን። እንግዳ ተቀባይዋ «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ስትባል 3:00 ብላ አስገባች። የኔ ኮድ ደግሞ 3:00ን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አደረገው፤ መልእክቱም ስምንት ሰዓት ላይ ሄደ። እናትየዋ ጠዋት ሲመጡ አልጮሁም። «ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ እኮ መርዶ ነው የሚመስለው» ብቻ ነው ያሉት። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እዚህ አገር ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ይህችን ስድስት ሰዓት አንድ ቀን ሳይከፍላት አይቀርም። እኔ ስከፍላት ግን በአጋጣሚ ስለ ስበት ሞገዶች ታሪክ እያነበብኩ ነበር። እዚያ ውስጥ አራት ሰዓት የከፈለ ሰው አገኘሁ። የሰውየው ስም ጆሴፍ ዌበር ነው። እኔ ኮዱን አስተካክዬ ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩ፤ እሱ ግን ስሙን ነው የከፈለው።

ወደ ዌበር ከመድረሳችን በፊት ግን ከመጀመሪያው እንነሳ። (ከዚህ በኋላ ዓመት ስጠራ በፈረንጅ ነው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ። በሁለት ካላንደር የሚኖር ሰው ይህን ሳይናገር ታሪክ መጻፍ አይችልም።)

አልበርት አንስታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡን የጨረሰው በኅዳር 1915 ነው። ንድፈ ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ህዋና ጊዜ ለየብቻ የቆሙ ነገሮች አይደሉም፤ አንድ ላይ የተሸመኑ ናቸው፤ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ይህን ሽመና ያጎብጠዋል፤ ስበት የምንለውም ይሄው ጉብጠት ነው። እንግዲህ ሽመናው መጉበጥ ከቻለ መርገብገብስ አይችልም ወይ? አንስታይን በየካቲት 1916 ለባልደረባው ለካርል ሽቫርትሺልድ በጻፈው ደብዳቤ ብርሃንን የሚመስሉ የስበት ሞገዶች የሉም አለ። በዚያው ዓመት በሰኔ ደግሞ አሉ ብሎ ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ ውስጥ ስህተት ስለነበረ በ1918 አርሞ እንደገና አሳተመው። የእንግሊዙ የሥነ ፈለክ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን በ1922 ሂሳቡን መርምሮ ከሞገዶቹ መካከል አንዳንዶቹ ከመለኪያ ምርጫችን የመጡ ጥላዎች ናቸው አለ፤ የሚጓዙትም በሐሳብ ፍጥነት ነው ብሎ ቀለደባቸው።

ከሁሉ የምወደው ግን የ1936ቱን ነው። አንስታይን ፕሪንስተን ገብቷል፤ ናታን ሮዘን ከሚባል ወጣት ረዳቱ ጋር ሠርቶ የስበት ሞገዶች የሉም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው መጽሔት ላከ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ቴት ጽሑፉን አንድ ገምጋሚ አሳየው። ገምጋሚው አሥር ገጽ ያህል አስተያየት ጽፎ ስህተቱን አመለከተ። አንስታይን ተቆጣ። እንዲታተም ላክሁት እንጂ ለሌላ ሰው እንድታሳይ አልፈቀድኩም፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ ባለሙያህን አስተያየትም የምመልስበት ምክንያት አይታየኝም ብሎ ጽሑፉን ወስዶ ለሌላ መጽሔት ሰጠ።

ኮድ ሪቪው ላይ ተጨቃጭቆ የሚያውቅ ሰው ይህችን ስሜት አይስታትም። «ይሄ ልጅ ማነውና ነው የኔን ኮድ የሚያርመው?» ልዩነቱ የኛ ፕሮጀክት አጽናፈ ዓለም አለመሆኑ ነው።

ገምጋሚው ሃዋርድ ሮበርትሰን ነበር፤ ይህ በማስረጃ የተረጋገጠው በ2005 ነው። ሮበርትሰን በወቅቱ ምንም ሳይናገር የአንስታይንን አዲስ ረዳት ሌዮፖልድ ኢንፌልድን ተወዳጀና ስህተቱን ቁጭ ብሎ አስረዳው። ኢንፌልድ ለአንስታይን ሲነግረው፣ አንስታይን ባለፈው ሌሊት እኔም ራሴ ስህተት አግኝቼበታለሁ አለ። በማግስቱ በጉዳዩ ላይ ንግግር ነበረበት። ኢንፌልድ እንደተረከው ንግግሩን የቋጨው ሞገዶቹ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፣ ግን እጅግ የሚስብ ጥያቄ ነው በማለት ነው። ጽሑፉ በ1937 ሲወጣ ርዕሱም መደምደሚያውም ተለውጦ ነበር። ሞገዶቹ ተመለሱ ማለት ነው።

ቀጣዮቹን ሃያ ዓመታት በፍጥነት እለፋቸው፤ ጦርነት ነበር፣ ፊዚክሱም ወደ አቶም ዞሮ ነበር። በጥር 1957 በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ሴሲል ደዊት-ሞሬትና ባለቤቷ ብራይስ ደዊት ጉባኤ ጠሩ። ሪቻርድ ፋይንማን አንድ ቀን ዘግይቶ እንደደረሰና ጉባኤው በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ጠፍቶበት እንደነበር ራሱ ጽፏል። የታክሲ ተራ አስከባሪውን፦ ትናንት እርስ በርሳቸው «ጂ-ሚዩ-ኒዩ፣ ጂ-ሚዩ-ኒዩ» እየተባባሉ የሚያልፉ ሰዎች ወዴት ሄዱ? ብሎ ጠየቀው። ተራ አስከባሪው ወዲያው ገባው።

ያ ጉባኤ ላይ ጥያቄው አሁንም ያው ነበር፤ ሞገዱ እውነተኛ ነው ወይስ የሂሳብ ጥላ? ፊሊክስ ፒራኒ ሊለካ የሚችለው ነገር የቱ እንደሆነ አሳየ፦ አንድ ዕቃ ብቻውን ሳይሆን ሁለት ጎረቤታሞች፣ እነሱም ሲቀራረቡና ሲራራቁ። ፋይንማን ደግሞ ነገሩን ወደ ዶቃ አወረደው። በአንድ ዘንግ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚንሸራተት ዶቃ አለ እንበል። ሞገዱ ሲያልፍ ዶቃው ዘንጉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ይፋተጋል፤ ሲፋተግ ይሞቃል። ሙቀት ደግሞ ጉልበት ነው። እንግዲህ ሞገዱ ጉልበት ተሸክሟል፤ ጥላ ጉልበት አይሸከምም። በቃ።

አዳራሹ ውስጥ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ መሐንዲስ ተቀምጦ ነበር። ዌበር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አብዛኛው ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ላንሳ። ሞገዱ የሚያርገበግበው ህዋንና ጊዜን ከሆነ፣ ሲያልፍብን ጊዜ አይረዝምብንም ወይ? አይፈጥንም? ፊልም ያየ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠብቀው። እኔም ጠብቄ ነበር።

ስበት ጊዜን እንደሚነካ ጥርጥር የለውም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አስሉት፣ እኛ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው በዓመት ስምንት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል አስቀድመን እናረጃለን። ሰባ ዓመት ብንኖር ጠቅላላ ድምሩ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ግማሽ ቢሆን ነው። ይሄ ጥቂት ቢመስልም በዛሬ ሰዓቶች የሚለካ፣ ሁልጊዜም ያለ ልዩነት ነው።

ሞገዱ ግን ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። በነፃ የተንሳፈፉ ሁለት ጥሩ ሰዓቶች ቢኖሩ፣ ሞገዱ ሲያልፍ እያንዳንዳቸው ልክ እንደ ድሮው ይቆጥራሉ። አንዱም አይዘገይም፣ አንዱም አይፈጥንም። የሚለወጠው መሃላቸው ነው። እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት፦ እኔ ቃሊቲ፣ ጓደኛዬ አዳማ፤ ሁለታችንም የማያዛንፍ ሰዓት አለን። በየአሥር ደቂቃው አንድ አውቶቡስ እለቃለሁ፤ እሱ መድረሻውን ይመዘግባል። መንገዱ ራሱ ቀስ ብሎ ሲረዝምና ሲያጥር፣ አውቶቡሶቹ አንዴ ዘግይተው አንዴ ቀድመው ይደርሳሉ። የኔም የሱም ሰዓት አልተሳሳተም። ሾፌሩም ፍጥነቱን አልለወጠም። አውቶቡሱ ብርሃን ነው። የስበት ሞገድ በጊዜ ላይ የሚያደርሰውን ነገር የምናውቀው ከመልእክት መዘግየት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የሞገዱ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰዓት ታሪክ የሆነው። የደረሰበትን ሰዓት በትክክል ያልመዘገበ ሰው ምንም አላየም።

ጆሴፍ ዌበር በ1919 በኒው ጀርዚ የተወለደ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል፤ ተሳፍሮባት የነበረችው ሌክሲንግተን የተባለች የጦር መርከብ በ1942 ኮራል ባሕር ላይ ሰጥማለች። ከጦርነቱ በኋላ ሜሪላንድ ገብቶ ለሌዘር መንገድ ከጠረጉት ሐሳቦች አንዱን ቀድሞ አቀረበ፤ ሽልማቱ ግን ለሌሎች ሄደ። ከቻፕል ሂል ሲመለስ ሌላው ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚከራከርበትን ነገር እኔ እሠራዋለሁ አለ። የተመኘውን ያህል ገንዘብ አልነበረውም፣ ከሱ በፊት የሞከረው ሰውም አልነበረም።

የሠራው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ድፍን የአሉሚኒየም በርሜል ነው። በአየር አልባ ጋን ውስጥ በሽቦ አንጠለጠለው፤ ወገቡ ላይ ትንሿን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ክሪስታሎች ለጠፈበት። ሐሳቡ የደወል ሐሳብ ነው፦ ሞገዱ ሲያልፍ በርሜሉን ይመታዋል፣ በርሜሉ በሰከንድ 1,660 ጊዜ እየተርገበገበ ይጮኻል። ጩኸቱ ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ያነሰ ንቅናቄ ነው። ችግሩ የጭነት መኪናም፣ ነጎድጓድም፣ የበርሜሉ የራሱ ሙቀትም ሊያስጮኸው መቻሉ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ በርሜል ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቺካጎ አጠገብ አኖረ። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ከጮኹ መኪና አይደለም።

በ1969 ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ጮኸዋል ብሎ አሳተመ። ቀጥሎም ጩኸቱ ከጋላክሲያችን መሃል ይመጣል አለ። ዓለም ተንጫጫ። ዌበር በአንድ ጊዜ የዘመኑ ዝነኛ የፊዚክስ ሰው ሆነ።

ከዚያ ሌሎችም በርሜል ሠሩ። ሞስኮ ብራጊንስኪ፣ ቤል ላብስ ታይሰን፣ ግላስጎው ድሬቨር፣ ጀርመንና ጣሊያንም እንዲሁ። ሁሉም ዝም ያለ በርሜል ነበር ያገኙት። ንድፈ ሐሳብ የሚሠሩትም ሲያሰሉት አልመጣላቸው አለ፤ ዌበር የሚለው እውነት ቢሆን ጋላክሲያችን ጉልበቷን እየረጨች በጣም ቀድማ ባለቀች ነበር።

አሁን ወደዚያች አራት ሰዓት ደረስን። ዌበር በርሜሉ ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲው ከዴቪድ ዳግላስ በርሜል ጋር በአንድ ቅጽበት ጮኸ ብሎ ተናገረ። የሁለቱም መዝገብ በቴፕ ላይ ነው። ቴፖቹ ሲመረመሩ ግን አንዱ በአካባቢው ሰዓት፣ ሌላው በግሪንዊች ሰዓት የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ አራት ሰዓት። ዌበር «በአንድ ቅጽበት» ያላቸው ጩኸቶች በአራት ሰዓት የተራራቁ ነበሩ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብላችሁ አስቡት። ስህተቱ አንድ ውጤት አበላሸ ብቻ አይደለም። ምንም ግንኙነት ሊኖራቸው ከማይችል ሁለት ቴፖች ውስጥ ዌበር ግንኙነት አግኝቷል። ስለዚህ ዘዴው ከባዶ ጫጫታም ውስጥ ሞገድ የሚያወጣ ዘዴ ነው። ዳግላስ በዚህ ላይ ዌበር በሚጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ሌላ ስህተት አገኘ። የመጀመሪያውን የሃይድሮጂን ቦምብ ንድፍ የሠራው፣ በዚያን ጊዜ አይቢኤም የነበረው ሪቻርድ ጋርዊን ደግሞ የራሱን ትንሽ በርሜል ሠርቶ በ1974 ኬምብሪጅ ላይ በተደረገ ጉባኤ ፊት ለፊት ተፋጠጠው።

ዌበር ሲያጭበረብር አልነበረም። ይህን ለማለት ድፍረት የሚሰጠኝ እኔም እንደሱ ሠርቼ ስለማውቅ ነው። የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ቁልፉን ትንሽ ያዞራል፣ ያያል፤ ትንሽ ያዞራል፣ ያያል፤ የፈለገው ሲመጣ ማዞሩን ያቆማል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ቴስቱ አላልፍ ሲለው ቴስቱን እንደሚያስተካክለው ነው። ሌሊት ላይ፣ ብቻህን፣ ሲደክምህ፣ ሁለቱ ነገሮች አንድ ይመስላሉ።

የሰዓቱን ስህተት አመነ፤ ግኝቱን ግን አልካደም። የምርምር ገንዘቡ ቀስ በቀስ ደረቀ። በርሜሎቹን ግን አልተወም፤ መስከረም 2000 ላይ እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ጫካ ዳር ባለች ትንሽ ቤተ ሙከራው እየሄደ ያዳምጣቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ2019 የበርሜሎቹን ድፍን አካሎች ግቢው ውስጥ በአትክልት ሥፍራ አቁሟቸዋል። ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤት ከሞላበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። እዚያ የምትኖሩ አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩልኝ።

ዌበር በተረታበት በ1974 ዓመት፣ ረስል ሃልስ የሚባል ተማሪ ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አሬሲቦ በሚባለው ግዙፍ የሬድዮ ቴሌስኮፕ ፐልሳር ይለቅም ነበር። ፐልሳር የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው፤ እንደ መብራት ቤት እየተሽከረከረ በየዙሩ ጨረሩን ወደኛ ያበራል፤ ዙሩም እንደ ሰዓት የታመነ ነው። አንዷ ግን እምቢ አለችው፤ በሰከንድ 17 ጊዜ የምትዞር ሆና ዙሯ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ሃልስ መጀመሪያ የጠረጠረው ኮምፒውተሩን ነው፤ አዲስ ፕሮግራም ሁሉ ጻፈ። (ደስ ሲል! መጀመሪያ የራሱን ኮድ ነው የጠረጠረው።) ኮዱ ግን ደህና ነበር። ኮከቧ ሌላ ኮከብ በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እየዞረች ነው።

ከመምህሩ ከጆሴፍ ቴይለር ጋር በ1993 ኖቤል ያሸለማቸው ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። ቴይለርና ባልደረቦቹ ዓመታት ሙሉ ሲለኩ ዙረቱ በየዓመቱ በ76 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል እያጠረ ሄደ፤ ልክ ጉልበቷን በስበት ሞገድ የምታጣ ጥንድ ማጠር ባለባት መጠን። ሞገዱን በቀጥታ ማንም አላየውም፤ ዕዳው ግን በየዓመቱ ሲከፈል ታየ።

ላይጎ የሚባለውን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላረዝመውም። ኤምአይቲ ያስተምር የነበረው ሬይነር ዋይስ ተማሪዎቹ ስለ ዌበር በርሜል ሲጠይቁት እሱም አልገባውም ነበር፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ እንደ የቤት ሥራ ሰጣቸው፤ በ1972 ደግሞ ዝርዝሩን ጻፈው። በርሜል ይቅር፣ መስታወቶችን እናንጠልጥልና በመሃላቸው ብርሃን እናመላልስ ነው ሐሳቡ። ከዚያ አርባ ሦስት ዓመትና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ሉዊዚያና ውስጥ ሊቪንግስተን፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሃንፎርድ፤ እያንዳንዱ አራት አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት።

አንድ ብልጥ አንባቢ «ህዋ ሲለጠጥ ብርሃኑም አብሮ ከተለጠጠ ምን ይለካል?» ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አውቶቡሱ ላይ ነው ያለው። ብርሃን አራቱን ኪሎ ሜትር በ13 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይጨርሳል፤ ሞገዱ ግን እጅግ ቀርፋፋ ነው። ከሌዘሩ ሁልጊዜ አዲስ፣ ያልተለጠጠ ብርሃን ይገባል፤ መንገዱ ረዝሞ ካገኘው ዘግይቶ ይመለሳል። መዘግየቱ ምን ያህል ነው ካላችሁ ከነጥብ በኋላ ሃያ አምስት ዜሮ ደርድራችሁ ከዚያ 1 ጻፉ፤ ያን ያህል ሰከንድ።

ከዌበር የተማሩትን የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 2010 መሣሪያዎቹ ላይ ያማረ ምልክት መጣ፤ የመጣው ከታላቁ ውሻ ህብረ ኮከብ በኩል ስለመሰለ «ትልቁ ውሻ» አሉት። መቶዎች ሳይንቲስቶች ስድስት ወር ሠሩበት፤ ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ ሁሉ አዘጋጁ። በመጋቢት 2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሰብስበው ፖስታ ተከፈተ፤ ጥቂት ሰዎች ሆን ብለው ያስገቡት የውሸት ምልክት ነበር። ለመፈተን። እንግዲህ እኛ ፕሮዳክሽን ላይ የሙከራ ዳታ ስናስገባ እንባረራለን፤ እነሱ ግን ይህን ያደረጉት ራሳቸውን እንዳያምኑ ነው።

ስለዚህ በመስከረም 14 ቀን 2015 ሃኖቨር፣ ጀርመን የነበረው ወጣቱ ማርኮ ድራጎ ኮምፒውተሩ ላይ ግልጽ ምልክት ሲያይ የመጀመሪያ ሐሳቡ «አሁንም ፈተና ነው» የሚል ነበር። አልነበረም። ይፋ የሆነው ምልከታ እንኳ ገና አልተጀመረም፤ መሣሪያው ማሟሟቂያ ላይ ነበር። ምልክቱ መጀመሪያ ሊቪንግስተን ደረሰ፤ ከሺኛ ሰከንድ ሰባት ያህል ቆይቶ ሃንፎርድ። አንደኛው 36፣ ሌላኛው 29 ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ቀዳዳዎች ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተጋጭተው ተዋህደዋል፤ የሦስት ፀሐይ ያህል ክብደት ወደ ሞገድ ተለውጦ ረጭቷል። እዚህ ሲደርስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው የቆየው።

ያ ሞገድ በኛም ውስጥ አልፏል። ቁመታችንን የለጠጠው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት በአንድ ሚሊዮንኛ ነው። እሺ፣ ቅርብ ብንሆንስ? ግጭቱ በፀሐይ ርቀት ላይ ቢሆን እንኳ ሂሳቡ የሚሰጠኝ ከአንድ ፀጉር ስፋት አምስት መቶኛ ግድም ነው። በታየው ዓለም ያሉ ከዋክብት ሁሉ አንድ ላይ ከሚያበሩት በላይ ጉልበት ለቅጽበት ረጭቶ ያችን ታህል! ህዋ-ጊዜ እንደ ጨርቅ ነው ሲባል ሻሽ አይምሰላችሁ። ከብረት የጠነከረ ነው።

ለኔ ግን ከላይጎም በላይ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ምክንያቱም በሙሉ የሰዓት ሥራ ነው። አንዳንድ ሞገዶች ከአንድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ለማለፍ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። የሚያመነጯቸው በጋላክሲዎች መሃል ያሉ፣ ሚሊዮኖችና ቢሊዮኖች ፀሐይ የሚመዝኑ ጥቁር ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲዞሩ ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህ አራት ኪሎ ሜትር ክንድ ምን ይሠራል? ጋላክሲን የሚያህል መሣሪያ ያስፈልጋል። ያንን ደግሞ ፐልሳሮች በነፃ ሰጥተውናል፤ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ የሚዞሩ ሰዓቶች በየአቅጣጫው ተሰቅለዋል። ቃሊቲ እነሱ ናቸው፤ አዳማ እኛ ነን። ሞገድ ካለ ጨረሮቹ ከመቶ ናኖሰከንድ ግድም እየቀደሙና እየዘገዩ ይደርሳሉ።

ግን የሰዓት ስህተትስ? የዌበር ጥላ እዚህም አለ። በ1983 ሮናልድ ሄሊንግስና ጆርጅ ዳውንስ ያወጡት ሂሳብ ይሄን ይለያል። የኛ ሰዓት ከተሳሳተ ፐልሳሮች ሁሉ በአንድ ላይ የዘገዩ ይመስላሉ። ምድር ያለችበትን ቦታ ከተሳሳትን ደግሞ በአንድ በኩል ያሉት ይቀድማሉ፣ በተቃራኒው ያሉት ይዘገያሉ፤ በነገራችን ላይ መቶ ናኖሰከንድ ማለት ሠላሳ ሜትር ነው፤ የጁፒተርን ምሕዋር በትክክል አለማወቅ ብቻ ሐሰተኛ ምልክት ሊያመጣ እንደሚችል ሰዎቹ በ2018 አሳይተዋል። የስበት ሞገድ ግን ሦስተኛ ዓይነት ዐሻራ አለው፦ ሰማይ ላይ የሚጎራበቱ ፐልሳሮች አብረው ይወዛወዛሉ፣ ዘጠና ዲግሪ አካባቢ የተራራቁት ይቃረናሉ፣ ፊትና ኋላ የሆኑት ደግሞ እንደገና በከፊል ይስማማሉ። ይህን ዐሻራ የሚመስል የሰዓት ስህተት የለም። ጥንድ ጥንድ እያደረግክ ትቆጥራለህ፣ ትጠብቃለህ።

ናኖግራቭ የሚባለው ቡድን አሥራ አምስት ዓመት ቆጠረ፤ 67 ፐልሳር። በታኅሣሥ 2020 ከዋና ጆሮዎቻቸው አንዱ የነበረው አሬሲቦ ራሱ ላይ ተደርምሶ ወደቀ፤ ሃልስ ፐልሳሯን ያገኘበት ያው ቴሌስኮፕ። በሰኔ 2023 ዐሻራውን አየነው አሉ። አውሮፓውያን ከሕንዶች ጋር፣ አውስትራሊያውያንና ቻይናውያንም በዚያው ቀን የየራሳቸውን መዝገብ አወጡ። ቋንቋቸውን ልብ በሉልኝ፤ «አገኘን» አላሉም፣ «ማስረጃ አለን» ነው ያሉት። አንድ ሞገድም አይደለም፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣ፣ ተደራርቦ የሚያጉረመርም የሞገዶች ድምር ነው። ይህን ስታነቡ በመካከላችሁና በእያንዳንዱ ኮከብ መካከል ያለው መንገድ ትንሽ እየረዘመ ትንሽ እያጠረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የላይጎ ምልክት የደረሰበት ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 09:50:45 ነው። ወደኛ አዞርኩት፦ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ። የእንቁጣጣሽ ማግስት ማግስት ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። የድሮ ስልኬን ፎቶዎች ስፈትሽ የዚያን ቀን አንድ አገኘሁ፤ የበዓሉ ዶሮ ትራፊ፣ ትሪው ላይ የእህቴ እጅ። ፋይሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት 06:53 ይላል።

ለጥቂት ጊዜ ጠዋት መሰለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ያኔ ስልኬን የምሞላው በሐበሻ ሰዓት ነበር። ምሳ ነው እንግዲህ። ሞገዱ ካለፈ ሁለት ደቂቃ በኋላ። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፦ ትምህርት ቤት እንዳልዘገይ ብዬ ሰዓቱን አምስት ደቂቃ አስቀድሜ የመሙላት ልማድ ነበረኝ። እንደዚያ ከሆነ ፎቶው የተነሳው 6:48 ላይ ነው፤ ሞገዱ ገና እየመጣ። እህቴን ጠየቅኳት። እሷ የምታስታውሰው የመጨረሻውን እንቁላል ማን እንደበላው ብቻ ነው።